ፕላንፓሌ ላይ የላጨኋት ሴት

ትልቅ የሆቴል አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ጫፍ ጫፉን ይይዝና ይወጥረዋል፤ ከዚያ አንዱ ወደ ሌላው ተራምዶ በእጁ ያለውን ያስረክባል። ዙሪክ አጠገብ ኦፕፊኮን ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል ምድር ቤት፣ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ አንሶላ ያጠፍኩት ከአንዲት ሜክሲኳዊት ጋር ነው። በቀን ስንት ጊዜ ፊቷ ድረስ ሄጄ እንደምመለስ ቆጥሬ አላውቅም። ስለዚህ ይህችን ሴት አውቃታለሁ ብዬ አምን ነበር።

በዕድሜ ስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። በአማርኛ የምናወራ ቢሆን አንቱ እላት ነበር፤ እኛ ግን ሁለታችንም ከረፈደ በተማርነው ጀርመንኛ ስለምንግባባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቺ ተባብለን ቀረን። አጠር ያለች፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ ስትራመድ ለግራ ጉልበቷ የምትሳሳ ሴት ናት። ስታወራ ድምጿ በግድ ነው የሚሰማው። አለቃችን ያለ ጥፋቷ ሲቆጣት እንኳ አንገቷን ደፍታ ሥራዋን ትቀጥላለች፤ በእሷ ፋንታ የምናደደው እኔ ነበርኩ።

ጸጉሯ ግን ሌላ ነገር ነበር። ጥቁር፣ ከባድ፣ ሲፈታ ከወገቧ የሚወርድ። በሥራ ሰዓት ጠቅልላ መረብ ውስጥ ታስገባዋለች፤ ልብሳችንን ስንቀይር ፈትታ ስትለቀው ሥራ ያስፈታኝ ነበር። እኔ የጸጉር ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ሳሪስ ውስጥ ጸጉር ቤት ተቀጥሬ ዓመታት ሠርቻለሁ። እዚህ ስመጣ የሙያ ወረቀቴን የሚቀበለኝ አላገኘሁም፤ ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ ዲቤንዶርፍ ቤቴ ሆኜ የሰፈሩን ሐበሻ ሴቶች ሹሩባ እሠራለሁ፣ ወንዶቹን በቶንዶስ እላጫለሁ። ይህንንም ታውቅ ነበር።

በረዶ የጣለ ዕለት ጠዋት፣ አንሶላው በመሃላችን እንደተወጠረ፣ የሴት ጸጉር እስከ ቆዳው ድረስ መላጨት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። የያዝኩት ጫፍ ሊያመልጠኝ ነበር። በእኛ አገር ሴት ጸጉሯን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው። ሳሪስ እያለሁ እንዲህ ያሉ ሴቶች ይመጡ ነበር። ጥግ ላይ፣ ከመስተዋቱ ፊታቸውን አዙረን እናስቀምጣቸውና ሳንነጋገር እንላጫቸዋለን። ስለዚህ ዝግ ብዬ፣ «ማን ሞተብሽ?» አልኳት።

ማንም አልሞተባትም። ሳቀች። ከዚያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልነገረችኝን ነገር፣ አራት አንሶላ አጥፈን እስክንጨርስ ድረስ ነገረችኝ። ታጋይ ነበረች። የሪንግ ታጋይ። በአገሯ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ፣ ስዊዘርላንዳዊ አግብታ እስክትመጣ ድረስ በየከተማው እየዞረች ስትታገል ኖራለች። ትዳሩ ፈረሰ፤ እሷ ቀረች። እዚህም አንድ ትንሽ ፌርአይን አለ፣ ማኅበር ማለት ነው፤ ረቡዕ ረቡዕ እኔ ቤት አጠገብ ባለ የስፖርት አዳራሽ ይለማመዳሉ። ያንን አዳራሽ ዳቦ ልገዛ ስሄድ ሁልጊዜ አልፈዋለሁ። ከውስጡ እንደ ከባድ ጆንያ ሲወድቅ የምሰማው ነገር እሷ ኖራለች።

የእነሱ ትግል እንደ እኛ አገር ጥሎ መነሳት ብቻ አይደለም። ከታጋዮቹ ጭምብል የሚያደርጉ አሉ፣ የማያደርጉ አሉ። ትልቅ ጸብ ሲነሳ ባለ ጭምብሉ በጭምብሉ ይወራረዳል፤ ጭምብል የሌለው በጸጉሩ። የተሸነፈው ሪንጉ መሃል ወንበር ላይ ይቀመጥና ሕዝብ እያየው ይላጫል። እሷ በዕድሜዋ የሦስት ሴቶችን ጸጉር ወስዳለች። የእሷን ማንም ወስዶባት አያውቅም። አሁን ከአንዲት የጄኔቫ ወጣት ጋር ልትወራረድ ነው፤ ግጥሚያው ከሁለት ወር በኋላ ጄኔቫ ውስጥ ነው። ማንም ትሸነፍ ማን፣ የሚላጨው እጅ ሥራውን የሚያውቅ እንዲሆን ትፈልጋለች። በአገሯ አንድ ጊዜ ያልለመደ ሰው መቀስ ጨብጦ የአንዲት ሴት ራስ ሲያደማ አይታለች፤ ያቺ ሴት ከትግሉ አንድም ጭረት ሳይደርስባት የወጣችው በመላጨቱ ቆስላ ነው።

«እሺ» አልኳት። ያን ጊዜ በሐሳቤ የነበረው የጄኔቫዋ ልጅ ራስ ነው። ሦስት ሴት ያሸነፈች ሴት አራተኛዋን ታሸንፋለች ብዬ ነበር።

ለባለቤቴ ስነግረው ደስ አላለውም። እሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በየፌርማታው በደቂቃው ካልደረሰ እንቅልፍ የማይወስደው፣ በቤተ ክርስቲያንም ሰው ሲንጫጫ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ የሚያስታግሰው እሱ ነው። ነገሩ ሁሉ ድራማ እንደሆነ ነገረኝ። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድመው ይነጋገራሉ፣ አወዳደቁን ሳይቀር ይለማመዱታል አለ። እንዲያ ከሆነ ጸጉሩስ እንዴት ነው አልኩት። ቁርሱን እየበላ ትንሽ አሰበና፣ ጸጉሩ እንኳ እውነት መሆን አለበት አለ። አብሮኝ የሚሄደው ጄኔቫ ያለ ዘመዱን ሊጠይቅ እንጂ ለትግሉ እንዳልሆነም አስረግጦ ነገረኝ።

ግጥሚያው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሥራ በኋላ፣ ሹሩባ ልሠራላት እኔ ቤት መጣች። ወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጫት ጸጉሯን ስፈታው ከወንበሩ መቀመጫ በታች ወረደ። ከግራ ጆሮዋ በላይ የቆየ ስፌት በጣቴ አገኘሁ። ሌላም አገኘሁ። ከእነዚያ ጠባሳዎች ታሪክ የነገረችኝ የአንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ከደረጃ ወድቃ ነው። ተጋጣሚዋ እንዳትይዝባት ሹሩባውን ከራሷ ጋር አጣብቄ በቀጭኑ ልሠራው ነበር። አስቆመችኝ። ወፍራም ይሁን፣ ጫፉም የሚንጠለጠል ይሁን አለች።

«እንዲህ ከሆነ ይዛ ትጎትትሻለች» አልኳት።

«እንድትጎትተኝ ነው» አለች። «ከኋላ የተቀመጠው ሰውም ማየት አለበት።»

ዘጠኝ አድርጌ ሠራሁላት። በጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸውና አመሰገነችኝ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ቆይቶ ሻይ አፈላልን።

ቅዳሜ በጠዋቱ ባቡር ሄድን። እሷ ከአንድ ቀን በፊት ሄዳ ስለነበር የተጓዝነው እኔና ባለቤቴ ነን፤ ቶንዶሱ፣ መቀሱና ማበጠሪያው ቦርሳዬ ውስጥ፣ የቶንዶሱ ባትሪ ሦስት ጊዜ ተፈትሾ። ጄኔቫ ደርሰን ፕላንፓሌ በሚባለው ሰፈር ከትራም ስንወርድ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሜዳ ሞልቷል። ሰዉ ሳህንና የተሰበረ ሰዓት እያገላበጠ ይከራከራል፤ ተማሪዎች ብስክሌታቸውን እየገፉ በመሃል ያልፋሉ። አዳራሹ ከዚያ ጥቂት መንገድ ነው፤ ሠርግም ስብሰባም የሚደረግበት ተራ አዳራሽ። ውስጡ ስገባ መሃል ላይ ሪንጉ ቆሟል። ሳየው ከአልጋ ከፍ ያለ፣ ከመድረክ ያነሰ ነገር መሰለኝ፤ ዙሪያውን ሦስት ሦስት ገመድ ተወጥሯል።

ባለቤቴን ቦታ አስይዤ ወደ መልበሻው ሄድኩ። መልበሻ የተባለው ከአዳራሹ ወጥ ቤት ጀርባ ያለ ዕቃ ቤት ነው። ሁለቱም ሴቶች እዚያው ነበሩ። የጄኔቫዋን ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ረጅም ናት፤ ማር የመሰለ ጸጉሯ ጀርባዋ ላይ ፈሷል። ቀን ቀን የጥርስ ሐኪም ረዳት እንደሆነች፣ ዕድሜዋም ሃያ አምስት እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። ነጭ ልብሷ ከኋላ የሚቆለፍ ነበርና እጇ አልደርስ ብሏት ትታገላለች። ጓደኛዬ ጉልበቷን በፋሻ መጠቅለሏን ትታ ተነሳች፣ ልጅቷን ከኋላዋ ቆማ ቆለፈችላትና ጀርባዋን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገቻት። አልተነጋገሩም። ልጅቷ በአንዱ በር ወጣች። ጓደኛዬ ዓይኗን ዙሪያውን በጥቁር ኩል ቀብታ ወርቃማ ካባ ደረበች፣ አማተበች፣ በሌላው በር በኩል ሄዳ ቆመች። እኔን አየችኝና አላየችኝም።

ወንበሬ ከሪንጉ አጠገብ ነበር፣ ከባለቤቴ ጎን። አዳራሹ ጢም ብሏል። የጄኔቫ ቤተሰብ ከነልጆቹ፣ ተማሪዎች፣ ስፓኒሽና ፖርቱጋልኛ የሚያወሩ አሮጊቶች፤ ከእነዚህ አሮጊቶች አንዷ ጥቁር ለብሳ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልክ ቅዳሴ እንደምትጠብቅ። መጀመሪያ ጭምብል ያደረጉ ወንዶች ታገሉ። አንዱ ከገመዱ ጫፍ ላይ ተነስቶ እንደ ወፍ በአየር ላይ ተዘረጋና ከሪንጉ ውጪ ያለው ሰው ላይ አረፈ። ባለቤቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ መጣ። የተወደቀበት ሰው አንገቱ ሳይሰበር አልቀረም አለ። እጁን ካነሳ ደህና ነው አልኩት። አነሳ።

ከዚያ መብራቱ ደበዘዘና ጓደኛዬ ገባች። ይህን እንዴት እንደምነግር አላውቅም። ያቺ ድምጿ የማይሰማ ሴት፣ ያቺ አለቃ ሲቆጣት አንገቷን የምትደፋ ሴት፣ ካባዋን እያርገበገበች፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ሕዝቡን እንደ ቆሻሻ እያየች መጣች። አንድ ሰውዬ ራስ ላይ ያለውን ቆብ ነጠቀችና መሬት ጥላ ረገጠችው። ማይክራፎኑን ከአስተዋዋቂው እጅ መንጭቃ መናገር ጀመረች። በጀርመንኛ! ከዙሪክ እንደመጣች፣ ይህች ከተማ ሐይቋም ሰዓቷም ልጆቿም እንደማይረቡ በጀርመንኛ ነገረቻቸው። ብዙዎቹ ቃሉን የተረዱት አይመስለኝም፤ ቋንቋው ብቻ በቃቸው። ፈረንሳይኛ በሚነገርባት ጄኔቫ ውስጥ ጀርመንኛ በማይክራፎን መጮህ ምን እንደሆነ እዚህ አገር የኖረ ሰው ያውቃል። አዳራሹ በፉጨትና በስድብ ተናጋ። ጥቁር የለበሰችው አሮጊት ብድግ ብላ በስፓኒሽ ረገመቻት፤ እርግማን መሆኑን ለማወቅ ቋንቋውን ማወቅ አያስፈልግም። ጓደኛዬ ወደ አሮጊቷ ዞራ ምላሷን አወጣች። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ሳላስበው ሳቅ ሳቅ አለኝ።

ሕጉ ከሦስት ዙር ሁለቱን ያሸነፈ ነው። ትከሻዋ መሬት ነክቶ ዳኛው ሦስት እስኪቆጥር ያልተነሳች ዙሩን ትሸነፋለች። የመጀመሪያውን ጓደኛዬ ወሰደች፣ በማጭበርበር። ልጅቷን መሬት ይዛ ሳለ ሁለቱን እግሯን ገመዱ ላይ ጫነች፤ ያ ክልክል ነው፤ ዳኛው ግን ከሌላው ወገን ሆኖ ይቆጥር ነበር። አዳራሹ በሙሉ በጣቱ እያሳየ ጮኸ፣ ዳኛው አላየም። ይህን ጊዜ ከጎኔ አንድ ድምፅ ሰማሁ። በቤተ ክርስቲያን ሰው የሚያስታግሰው ባሌ ቆሞ፣ በአማርኛ፣ ዳኛው ጉቦ እንደበላ ለጄኔቫ ሕዝብ እየመሰከረ ነበር። ክንዱን ይዤ ላስቀምጠው ብሞክር አልሰማኝም። የሚጮኸው በገዛ ጓደኛችን ላይ መሆኑ እንኳ ትዝ ያለው አይመስለኝም።

ሁለተኛውን ልጅቷ ወሰደች። ገመዱ ጫፍ ላይ ወጥታ ለአፍታ ቆመች፤ ጸጉሯ በመብራቱ ውስጥ ተበተነ፤ ከዚያ ራሷን ለቀቀች። ስታርፍ የሪንጉ ወለል ሲጮህ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ድራማ ነው ያለው ማን እንደነበረ ረሳሁት። የሰው ሰውነት ሰው ላይ ወድቋል፤ እሱን የሚያስመስል የለም።

በሦስተኛው ዙር ከሪንጉ ወጡ። ልጅቷ ጓደኛዬን በሹሩባዋ ይዛ ወንበሮች መሃል ጎተተቻት። እኔ የሠራሁት ሹሩባ በጡጫዋ ውስጥ ተወጥሮ፣ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ወዲያው ጓደኛዬ ተወርውራ እግሬ ሥር ወደቀች። ኩሉ ከላብ ጋር ጉንጯ ላይ ወርዷል፣ ከንፈሯ ደምቷል። ቦርሳዬን ጥዬ ላነሳት ጎንበስ አልኩ። ዓይኗን ገለጠችና፣ አንሶላው ዞሮብሻል ስትለኝ በምትናገርበት በዚያው ዝግ ባለ ድምጿ፣ በጀርመንኛ፣ «ተቀመጪ፣ ደህና ነኝ» አለችኝ። ከዚያ እንደ ቆሰለ አውሬ አጓርታ ተነሳችና የአንዱን ሰውዬ ቢራ ልጅቷ ፊት ላይ ደፋችው።

እኔ ግን ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል እንዲያ የረጋ ድምፅ ሊኖር ይችላል ብዬ አላውቅም ነበር። ፍርሃቴ ለእሷ አልነበረም። የት እንዳለሁ ስለጠፋኝ ነው የፈራሁት፤ አንድ ትልቅ ነገር ውስጥ ቀስ ብዬ ገብቼ መውጫውን ያጣሁ መሰለኝ።

ፍጻሜው ፈጣን ነበር። ጓደኛዬ ሪንጉ ውስጥ ተመልሳ ልጅቷን በጸጉሯ ልታነሳት ስትል፣ ልጅቷ ከሥሯ ገብታ ትከሻዋ ላይ አነሳቻትና ወደ ኋላ ጣለቻት፣ ደረቷም ላይ ተኛችባት። ዳኛው መሬቱን በመዳፉ መታ። አንድ። አዳራሹ አብሮ ቆጠረ። ሁለት። ትነሳለች ብዬ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀሳቀስም አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ እምላለሁ። ሦስት።

ጩኸቱ ጣሪያውን የሚያነሳው መሰለ። ጓደኛዬ ከሪንጉ ሾልካ ወጥታ ወደ በሩ ሮጠች፤ ሕዝቡ እየሳቀና እየተሳደበ መንገድ ዘጋባት። አንድ ሁለት ሰው ገፋ ገፋ አደረገች። ከዚያ ቆመች። ማንም አልያዛትም። ሁለቱን መዳፎቿን ራሷ ላይ፣ ሹሩባው ላይ አደረገችና ለጥቂት ጊዜ እዚያው ቆየች። ዞረች፤ በገዛ እግሯ፣ በግራ እግሯ እያነከሰች፣ ተመልሳ ወደ ሪንጉ ወጣችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አዳራሹ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

አስተዋዋቂው ጸጉር ቆራጯን ጠራ። እኔ መሆኔን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ባለቤቴ ቦርሳዬን አንስቶ እጄ ላይ አስያዘኝና፣ «ሂጂ፤ እየጠበቁሽ ነው» አለኝ።

የሪንጉ ወለል ለስላሳ ነው፤ ሲረግጡት ይሰምጣል። መብራቱ ይጋረፋል። ከጀርባዋ ቆሜ አንዱን ሹሩባ ስይዘው በላብ ርሷል፣ ይሞቃል። መቀሱን ከፈትኩ፤ እጄ አልዘጋው አለ። ሳሪስ ጥግ ላይ ያስቀመጥናቸው ሴቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ መጡብኝ። ከእነሱ አንዷም ይህን ያህል ሰው አላያትም። በአማርኛ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ሌላ ቋንቋ አልመጣልኝም። ምን እንዳልኩ አታውቅም። ነገር ግን ራሷን ትንሽ ወደ ኋላ አጋድላ፣ ለእጄ እንዲመች አድርጋ ሰጠችኝ።

ቆረጥኩት። ወፍራም ሹሩባ ሲቆረጥ ድምፅ አለው። ለልጅቷ አቀበልኳት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ልጅቷ ሹሩባዎቹን እንደ አራስ ሕፃን በሁለት ክንዷ አቅፋ ታለቅሳለች፤ ያሸነፈችው እሷ ናት፣ እንባዋ ግን አልቆመም። ዘጠኙም ካለቀ በኋላ ቶንዶሱን አስነሳሁ። አስተዋዋቂው ማይክራፎኑን አስጠጋው፤ የቶንዶሱ ድምፅ በአዳራሹ ማጉያዎች ሁሉ ወጣ። የሚሰማው እሱ ብቻ ነበር። ከግንባሯ ጀምሬ ወደ ኋላ ወሰድኩት። ነጣ ያለው የራስ ቆዳዋ ወጣ፤ ጆሮዎቿ ትናንሽ ሆነው ተገለጡ፤ ሐሙስ በጣቴ ያገኘኋቸው ጠባሳዎች አንድ በአንድ ብርሃን ላይ ወጡ። ሰባት ነበሩ። አንድም ቦታ አላደማኋትም። በሕይወቴ እንዲያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም፤ ከሙሽራ ጀምሮ እስከ ሚኒስትር ሚስት ድረስ ሠርቻለሁ።

ስጨርስ ትከሻዋን በፎጣ ጠረግኩላት። ቀና ስል ጥቁር የለበሰችው አሮጊት ቆማለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች፣ አትጮህም። ከእሷ ኋላ ያለው ረድፍ ቆመ። ከዚያ ሁሉም። ያ ሲሰድባት የዋለ ሕዝብ ማጨብጨብ ጀመረ፤ መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ በኋላ ማቆም እንደተሳነው ሰው። ጓደኛዬ ተነሳች። ራሷ በመብራቱ ሥር ያበራል። ምስጋና ትሰጣለች ብዬ ስጠብቅ ጡጫዋን ጨብጣ ለአራቱም ማዕዘን አሳየቻቸው፤ እነሱ ይበልጡን አጨበጨቡ። ልጅቷ ልታቅፋት ስትመጣ ገፈተረቻት። ልጅቷ እንደገና መጣች። ይህን ጊዜ አልገፈተረቻትም። አንገቷን ይዛ ግንባሯን ከግንባሯ አጋጠመችና የሆነ ነገር በጆሮዋ ነገረቻት። ምን እንዳለቻት እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜ አልሰማሁም፤ ጠይቄም አላውቅም።

እኔ በዚያ ሪንግ ላይ መቀስ ይዤ፣ ቶንዶስ ይዤ፣ ጫማዬ በጥቁር ጸጉር ተሸፍኖ ቆሜ፣ ምን እያየሁ እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው ፈለግሁ። ሐዘን እንዳልል ደስታ ነው። ጨዋታ እንዳልል ሴትየዋ እውነት ተላጭታለች። ገመዱን ይዤ ወረድኩ።

መልበሻው ውስጥ ፊቷን ስትታጠብ ብቻችንን ነበርን። እንደምትሸነፊ ከመጀመሪያው ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ቀዩን ፎጣ ከነጩ ጋር የሚያጥብ አዲስ ሠራተኛን በምታይበት ዓይን አየችኝ።

«ሦስት ተቆጥሮብኛል» አለች። «አንቺም እዚያው ነበርሽ።»

ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ሰማያዊ የሱፍ ቆብ አወጣች። የዋጋ ወረቀቱ ገና አልተነቀለለትም ነበር። በጥርሷ ቆረጠችው፤ ቆቡን አጠለቀችና ልክ ነው ወይ አለችኝ። ልክ ነው አልኳት። አውቃ ገዝታው ይሁን፣ ወይም ሁለቱንም አስባ እንደ አስተዋይ ሰው የተዘጋጀች ትሁን፣ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ስንመለስ ሦስታችንም አንድ ባቡር ላይ ነበርን። እሷ ገና ከጄኔቫ ሳንርቅ መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ባለቤቴ ዘመዱን ሳይጠይቅ መመለሱ የታወሰው ሎዛን ስንደርስ ነው። ከዚያም ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ በመጀመሪያው ዙር እግሯ ገመዱ ላይ እንደነበረ ዳኛው በእርግጥ ሳያይ ቀርቶ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ድራማ ነው ያልከው አንተ አይደለህም ወይ አልኩት። ድራማም ቢሆን ዳኛ ዳኛ ነው አለኝ።

ሰኞ ሥራ ስንገባ ቆቧን አውልቃ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠች። ሁሉም ክፉ በሽታ ነው ብሎ አሰበ። አንዷ ሰላጣዋን ትታላት ሄደች፤ ሌላዋ አቅፋት አለቀሰች። ከምሳ በፊት አለቃችን መጣ። ያ ሁልጊዜ የሚቆጣት ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፈቃድ ከፈለገች፣ ሐኪም ከፈለገች እንድትነግረው ጠየቃት። እሷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች አየችው።

«አልታመምኩም» አለችው። «ቅዳሜ ተሸንፌ ነው።»

በማን እንደተሸነፈች ጠየቃት፤ በጄኔቫ አለችው። እሱም የዙሪክ ሰው ነውና ፊቱ ተቀየረ፤ በጣም ያሳዝናል ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሲቆጣት ሰምቼ አላውቅም። እኔን ግን አሁንም ይቆጣኛል።

ጸጉሯ ሲበቅል ነጭ ሆኖ በቀለ። ለዓመታት ቀለም ትቀባው ስለነበር ከሥር ምን እንዳለ እሷም ረስታዋለች። መስተዋት ፊት ቆማ ብዙ ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ቀለሙን ተወችው። ዳግመኛ አልታገለችም፤ ረቡዕ ረቡዕ ዲቤንዶርፍ ሴቶቹን ታለማምዳለች። በወር አንድ ጊዜ ከዚያው ወደ እኔ ቤት ትመጣለች፣ ዙሪያውን አስተካክልላታለሁ። ባለቤቴ እሷ ስትመጣ ከሳሎን አይጠፋም። ባለፈው ጊዜ ጥያቄ ሲጠይቃት ቆይቶ፣ የጄኔቫዋን ልጅ መሬት ያስያዘችበትን የክንድ አያያዝ እንድታሳየው ለመናት። ፎጣው ትከሻዋ ላይ እንዳለ ከወንበሩ ተነሳች። ቀኝ እጁን እንዲሰጣት ጠየቀችው። ሰጣት። እንዴት እንደሆነ አላየሁም፤ ባለ ዘጠና ኪሎው ባሌ ወጥ ቤቴ ወለል ላይ፣ ጉንጩ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ፣ በኩራት፣ «ይህቺን አሁን በደንብ ገባችኝ» እያለ ነበር። እሷ ሳትለቀው፣ ክንዱ ወዴት መዞር እንዳለበት በዝግታ ታስረዳዋለች።